ለጉልበቴ የሰጠሁት ማርክ

ሰው ሲያረጅ ጠያቂው ይቀንሳል ይላሉ። እኔ ግን ካረጀሁ ወዲህ የሐኪም ዘመድ በዛልኝ። አንድ ጉልበት ይዤ ሄጄ አምስት ሐኪም አትርፌ ተመለስኩ። ይህን የማወጋችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ተመስገን፣ ደህና ነኝ። ፍርድ እንድትሰጡም አይደለም፤ ፍርዱን ራሴው ሰጥቼ ጨርሻለሁ። ልጄ ጽጌ ግን እስከ ዛሬ ድረስ «እማዬ፣ ያን ቤት በገዛ እጅሽ ጣልሽው» እያለች ስለምትነዘንዘኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ሰምቶ የሚታዘብ ሰው ፈልጌ ነው።

ነገሩ የደረጃ ነገር ነው። ጽጌ ከአገር ያስመጣችኝ በእኛ ሰማንያ ሰባት፣ በእነሱ ዘጠና አምስት ነው። አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ፣ ዋይትሆል በሚባለው ሰፈር፣ አውሮፕላኑ ጣራችንን ሊልስ ምንም በማይቀረው ቦታ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ከመሬት እስከ በራችን አሥራ ስድስት ደረጃ ነው። ልብስ ማጠቢያው ታች ነው። የፖስታ ሳጥኑ ታች ነው። የቆሻሻ መጣያው ታች ነው። ቸርች አብራኝ የምትጸልየው ወዳጄ አስካለም ታች ናት። ላይ ያለነው እኔና ጉልበቴ ነን። ጽጌ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሰው እናት ስታነሳና ስታስተኛ ትውልና፣ ማታ ደግሞ የራሷን እናት በብብት ይዛ ደረጃ ታወጣለች።

በሁለተኛው የበረዶ ወራት፣ ከደረጃው ሥር ያለው ቤት ባዶ ሆነ። አንድም ደረጃ የሌለው፣ ከበሩ ወጥተው መሬት የሚረግጡበት ቤት። ጽጌ ኦፊስ ሄዳ ማኔጀሯን ጠየቀቻት። ማኔጀሯም፣ ደረጃ መውጣት ከባድ እንደሆነበት የሚያሳይ የሐኪም ደብዳቤ ላመጣ ሰው እሰጠዋለሁ አለች።

ደብዳቤ ፈላጊ ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም። ከበራችን ፊት ለፊት ሚስተር ሌሮይ የሚባል ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ብቻውን ይኖራል። ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ የእግሩ አውራ ጣት ላይ ሪህ አለበት። እሱ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ በተገናኘን ቁጥር እናወራለን፤ አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም። በዕድሜ ቢበልጠኝ እንጂ አያንሰኝም፣ ግን «ማማ» ይለኛል። ያ ቤት ባዶ ሲሆን እሱም ጠየቀ። ጎረቤቴን እወደዋለሁ፤ ደረጃውን እጠላዋለሁ። ሁለቱን ማስታረቅ አቃተኝ።

ጽጌ ኮል አድርጋ አፖይንትመንት ያዘችልኝ። የመጀመሪያው ሐኪም የሁሉም ሐኪም ነው፤ ወጣት ነው፣ እጁ ሞቃት ነው። ገና ሲገባ እንዴት ነሽ አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ፣ አንተስ ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና ነው አልኩት። ሰው ሰላምታ ሳይጨርስ ሕመሙን ያወራል እንዴ? እሱ ግን «በጣም ደህና ናት» ብሎ ጽፎ ኖሯል፤ ጽጌ ናት ኋላ ወረቀቱ ላይ አይታ የነገረችኝ። ከዚያ ጉልበቴን ሁለት ጊዜ አጥፎ ዘረጋና፣ ይህ የእኔ አይደለም፣ የጉልበት ስፔሻሊስት ይየው አለ። ደብዳቤውስ? ደብዳቤውም የስፔሻሊስቱ ነው።

ስፔሻሊስት ሲባል ለሌላው አዲስ ነገር ይሆን ይሆናል። እኔ ግን የደሴ ልጅ ነኝ፤ ስፔሻሊስት አገር ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ጣልያን ሲመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ሰፈራችን አንድ ወጌሻ ነበረው፣ አያ ይመር የሚባል። የተሰበረ ይጠግናል፣ ጥርስ ይነቅላል፣ ዋግምት ይሠራል፣ በቅሎም ካነከሰች የምትወሰደው ወደ እሱ ነው። ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ሁሉም የአያ ይመር ነበር። ጣልያን ሲገባ ሰውነታችንን እንደ ርስት ተካፈሉት። የዓይን ሐኪም አንድ ድንኳን፣ የጥርስ ሐኪም አንድ ድንኳን፣ የቆዳው ደግሞ ሌላ። አባቴ አንድ ሰሞን ዓይኑንም ጥርሱንም አመመውና የዓይኑ ድንኳን ተሰለፈ። ሐኪሙ ጠብታ ጨመረለት፤ አባቴ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሲያሳየው ግን በሩን አመለከተው። የጥርሱ ድንኳን ሲሄድ፣ ለነጩ በየቀኑ፣ ለሐበሻው ዓርብ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ዓርብ ተሰለፈ። ሦስቱንም ዓርብ አንድ ነጭ ወታደር ዘግይቶ እየመጣ ከፊቱ ገባ። በሦስተኛው የወታደሩን ካፖርት ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩት። አባቴ እዚያው በጥፊ አለኝ፤ እቤት ስንደርስ ግን ከራሱ ድርሻ ሥጋ አንስቶ አጎረሰኝ። ጥፊው ለሰው፣ ጉርሻው ለእኔ መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

ጠርሙስ የመጣውም በዚያው ጊዜ ነው። ገበያው ዳር አንድ ዓረብ ባለሱቅ ነበር። የሚሸጠው ጠርሙስ ላይ ሪዛም ነጭ ሰውዬ ተስሏል፤ ጽሑፉን ከባለሱቁ በቀር የሚያነብ የለም። ገዢው መጀመሪያ ያመመውን ይናገራል፣ ከዚያ ባለሱቁ ጠርሙሱን አዙሮ ያነባል፤ ጠርሙሱም ሁልጊዜ ያንኑ ይላል። ወገብ ላመመው ለወገብ፣ ሳል ለያዘው ለሳል፣ ልጅ ላጣችው ለልጅ። አባቴ ለጥርሱ ገዝቶ ተጉመጠመጠበት፤ እናቴ ወገቧን ተቀባችው፤ የተረፈውን የበቅሏችን ቁስል ላይ አፈሰሱት። የዳነችው በቅሎዋ ብቻ ናት። አባቴ «እኛ ስናምን እሷ ዳነች» እያለ ሲስቅ ይኖር ነበር።

ወደ ጉልበቴ ልመለስ። የጉልበቱ ሐኪም ክፍሉ ውስጥ የፕላስቲክ ጉልበት ሰቅሏል፤ ያማረ ጉልበት ነው። ሕመሙ ከዳሌዬ ይነሳና በጉልበቴ አልፎ ውስጥ እግሬ ድረስ ይወርዳል አልኩት። እሱ፣ የእኔ ጉልበቱ ብቻ ነው፣ ለዳሌው የዳሌ ሐኪም አለ፣ ለእግሩም የእግር አለ አለ። ጉልበቴ ብቻውን አውቶቡስ ተሳፍሮ አልመጣም በይልኝ አልኳት ጽጌን። ጽጌ ምን እንዳለችው እንጃ፣ ሐኪሙ ፈገግ ብሎ አመሰገነኝ።

ከዚያ የደብዳቤው ጥያቄ መጣ። ሕመሜን ከዜሮ እስከ አስር ማርክ ብሰጠው ስንት እሰጠዋለሁ? አስር ምንድን ነው አልኩ። ሰው ሊያየው የሚችለው የመጨረሻው ሕመም ነው ተባልኩ።

ይህ እንዲህ በችኮላ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ማርክ ያለ አድልዎ መሰጠት እንዳለበት ግን አውቃለሁ። መምህራችን ለእህቱ ልጅ ዘጠኝ፣ ለእኔ ስድስት የሰጠበትን ቀን ዛሬም አልረሳሁትም። ስለዚህ ደለደልኩ። አስሩን ለጽጌ ሰጠሁ፤ ሦስት ቀን አምጬ ነው የወለድኳት፣ ያን ማርክ ማንም አይነካባትም። ዘጠኙን ያለ ማደንዘዣ ለተነቀለ መንጋጋዬ። ስምንቱን ለባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ኩላሊቱ ውስጥ ጠጠር በገባ ጊዜ ለጮኸው ጩኸት። ሰባቱን የፈላ ውሃ ለላጠው እጄ። መጠበቂያው ክፍል አንዲት ሴት ከአጠገቤ ተቀምጣ ወዟ እስኪቀየር ታቃስት ነበር፤ ለእሷም ከስድስት እስከ ሦስት ያለውን ክፍት መተው አለብኝ። እንዲህ ሲደለደል ለጉልበቴ የተረፈው ሁለት ነው።

«ሁለት» አልኩ።

ጽጌ አልተረጎመችም። «እማዬ፣ ደረጃ ስትወጪ እንደዚያ የምታቃስቺው አንቺ አይደለሽም?»

«ማቃሰት ሌላ፣ ማርክ ሌላ።»

«ስምንት ልበለው።»

«ስምንት የአባትሽ ነው።»

ተፋጠጥን። ለእሷ ብዬ ሁለት ተኩል አደረግሁት። ወረቀቱ ግማሽ አይቀበልም። ጽጌ አፏን ስትዘጋብኝ ሁለት ጣቴን አውጥቼ ራሴ ለሐኪሙ አሳየሁት። እሱም ሕመሟ ቀላል ነው የሚል ደብዳቤ ጽፎ ሰጠን።

መኪና ውስጥ ጽጌ መሪውን ጨብጣ ሞተሩን አስነሳች። ቆይታ፣ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽም ወይ አለችኝ። ነኝ አልኳት። መጮህ ይቻላል፤ የሌላ ሰው ጩኸት መጮህ ግን አይቻልም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቁራጭ ቁራጬን በየሐኪሙ አዞርኩ። የዳሌው ሐኪም ዳሌዬን አደነቀ። የእግሩ ሐኪም ጥፍሬን ቆርጦ ሰደደኝ፣ እሱንስ ምርቃት አልነፈግሁትም። የነርቩ ሐኪም በትንሽ መዶሻ ጉልበቴን መታኝ፤ መልሼ ልመታው እጄን ሳነሳ እግሬ ቀድሞኝ ረገጠው፤ እሱም ይህን በጣም ጥሩ ነው ብሎ ጻፈ። ሁሉም ያቺኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። ለአንዱ ጨምሬ ለሌላው መቀነስ አይሆንምና ለሁሉም ያንኑ ሁለት ሰጠሁ። በመጨረሻ አራት ደብዳቤ ያዝኩ። አራቱ አንድ ላይ ሲነበቡ የሚገልጹት እኔን ሳይሆን ለሠርጓ የደረሰች ኮረዳ ነው።

ይሄኔ አስካለ ጠርሙሷን ይዛ ብቅ አለች። አስካለ ቴሌቪዥን ላይ የምታየውን ሁሉ ኦርደር ታደርጋለች። ጠርሙሱ አረንጓዴ ነው፣ ሽታው ነጭ ሽንኩርት ከናፍታሊን ጋር የተጋባ ይመስላል። ለቁርጥማት፣ ለእንቅልፍ፣ ለሆድ ድርቀት፣ ለፀጉር መርገፍና ለትካዜ ይሆናል ትላለች። ሪዛሙ ሰውዬ ሪዙን ተላጭቶ አሜሪካ ድረስ ተከተለኝ ብዬ ሳቅሁ። ግን ሐኪሞቹ አምስት ሆነው ካላዳኑኝ፣ ጠርሙሱ አንድ ሆኖ ቢሞክር ምን አለበት? ወሰድኩ።

ልጠጣው ስል ሚስተር ሌሮይ ትዝ አለኝ። እኔ ድኜ እሱ ቢቀርስ? ወይም እሱ ቤቱን አጥቶ ጣቱም እንዳመመው ቢኖርስ? ጠርሙሱን ለብርሃን አንስቼ እኩሌታው ላይ በጥፍሬ ምልክት አደረግሁና ግማሹን በብርጭቆ ቀድቼ፣ በሩን አንኳኩቼ ሰጠሁት። ጠርሙሱንም ከእጄ ተቀብሎ፣ መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አነበበ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ጣቱን ያሽ ጀመር። አስካለ ደግሞ የሚጠጣ ነው ብላኛለች። ጽጌ መጥታ ስታነብ ሁለቱም ተጽፏል፤ ለሚፈልግ ይጠጣል፣ ለሚፈልግ ይታሻል። እኔ ጠጣሁ። ኮሶ ጠጥቼ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ መራራ አይበግረኝም። ሆዴ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጬ እንዳላርፍ አደረገኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን፣ አልዋሽም፣ ቀለል አለኝ። ሁለት ቀን ምንም ያልበላ ሰው ይቀለዋል።

እንዲህ ስናወራ ነው የሚስተር ሌሮይን ደብዳቤ ነገር የሰማሁት። ጽጌ ኮሪደር ላይ ስንት ነው የሰጠኸው ብላ ጠየቀችው፤ አስር አለ። ለአንድ ጣት አስር! ጽጌን አስተርጉሚ አልኳት። እኔ ሦስት ቀን ያማጥኩበትን ማርክ አንተ ለአውራ ጣትህ ሰጠኸው ወይ በይው አልኳት። ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከልቡ አዘነልኝ፤ ከዚያ፣ «ማማ፣ ጣቱ ያንቺ አይደለም እኮ» አለኝ።

ማኔጀሯ በማግሥቱ አስጠራችን። የእሱን አንድ ደብዳቤ በቀኝ፣ የእኔን አራት በግራ አስቀምጣ አነበበችና፣ ይህ ግልጽ ነው፣ ቤቱ የሚስተር ሌሮይ ነው አለች። ደሜ ፈላ። ቤቱ ቢያምረኝም ያናደደኝ ቤቱ አይደለም፤ የተመዘነው አፍ እንጂ እግር አለመሆኑ ነው። አንዱ ከልክ በላይ ለጋስ፣ ሌላው ከልክ በላይ ቆጣቢ ከሆነ፣ ማርኩ ምን ያውቃል? ደረጃው ይፍረደን አልኩ። ሁለታችንም ሰው እያየን እንውጣ፤ ደረጃው ይበልጥ የከበደው ሰው ቤቱን ይውሰድ። ጽጌ ቀልታ ተረጎመች። ማኔጀሯ እንዲህ ያለ ነገር በሕጉ የለም አለች። ሚስተር ሌሮይ ግን ሳቀና እሺ አለ፣ እሱ እሺ ካለ ደግሞ ማኔጀሯ ምን ታደርጋለች?

ቅዳሜ ጠዋት ከደረጃው ሥር ተሰበሰብን። አስካለ ታጣፊ ወንበር ይዛ መጣች። ልብስ ሊያጥቡ የወጡ ጎረቤቶችም ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ቆሙ። ጽጌ ከጎኔ ሆና በአማርኛ ትመክረኝ ጀመር። ቀስ በይ፣ በየደረጃው ቁሚ፣ መደገፊያውን ያዢ፣ አቃስቺ። እሺ አልኳት። ደግሞም የምሬን ነበር። ያን ቤት እንዴት እንደምፈልገው እኔ ነኝ የማውቀው፤ ልጄ ማታ ማታ ወገቧን ይዛ ስትቆም የማየው እኔ ነኝ።

ጀመርን። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆሜ አቃሰትኩ። አስካለ ከታች አይዞሽ አለችኝ። ያን ጊዜ አፈርኩ። ይህ ማቃሰት የእኔ አይደለም፣ የተዋስኩት ነው፤ የሰውን ማርክ ለሰው ትቼ ስመጣ የሰው ለቅሶ ልዋስ ነው? እንደ ወትሮዬ ልውጣ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ደረጃው የሚፈርደውን ይፍረድ አልኩና ወጣሁ። ጉልበቴ እንደ ወፍጮ ሰርሰር እያለ፣ እየተሳደብኩት፣ አሥራ ስድስተኛው ላይ ደረስኩ። ዞር ስል ሚስተር ሌሮይ አምስተኛው ላይ ነው።

ያታልላል ብዬ እጄን አጣምሬ እንደ ፈታኝ ቆምኩበት። አንድ ስህተት ባገኝበት ጮኼ ልናገር ተዘጋጅቻለሁ። ባየሁት ቁጥር ግን የምናገረው እየጠፋኝ ሄደ። ሁለቱንም እግሩን አንድ ደረጃ ላይ ሳያሳርፍ ወደሚቀጥለው አይሄድም። መደገፊያውን የያዘበት እጁ ይንቀጠቀጣል። የሚያስመስል ሰው ተመልካቹን ያያል፤ እኔም ሦስተኛው ላይ ሳቃስት በጎን ማኔጀሯን እያየሁ ነበር። እሱ ማንንም አላየም። የሚያየው የሚቀጥለውን ደረጃ ብቻ ነው። ስምንተኛው ላይ ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ። ፊት ለፊቱ ሁለት ዓመት ስኖር አንድ ቀን እንኳ ደረጃ ሲወጣ አላየሁትም ነበር፤ ሰው በሌለበት ሰዓት እየጠበቀ ነበር የሚወጣው።

ወረድኩ። ለእኔ ጉልበት ከመውጣት መውረድ ይብሳል፣ ግን ወረድኩ። ክንዱን ያዝኩት። እሱ በእንግሊዝኛ ተወኝ አለኝ፣ እኔ በአማርኛ ዝም በል አልኩት፣ ተግባባን። አንድ አንድ እያልን ላይ ደረስን። ከዚያ ወደታች ዞሬ፣ ማኔጀሯ እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ቤቱ የእሱ ነው» አልኩ።

ጽጌ ከታች «እማዬ» አለች። እኔን መጥራቷ ሳይሆን መተንፈሷ ነበር።

«አይቼዋለሁ ልጄ። አንቺም ነይና እጁን እይው።»

የተደሰተችው አስካለ ብቻ ናት። ከወንበሯ ተነስታ፣ የጠጣችው ላይ ወጣች፣ የታሸው መሃል ቀረ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይፈለጋል ብላ አወጀች። ቅርጫታቸውን ይዘው ከቆሙት ሦስቱ እዚያው ኦርደር እንድታደርግላቸው ለመኗት። እኔ ሆዴን ስላስታወስኩ ዝም አላልኩም፣ ግን ማን ይሰማኛል? ጠርሙሶቹ በደረሱበት ሳምንት ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እቤቱ ከመጸዳጃው ሳይርቅ ከረመ።

ማኔጀሯ ሰው ናት። ወጥታ ስትሄድ ለጽጌ፣ ሌላ የታች ቤት ሲለቀቅ እናትሽ መጀመሪያ ናት አለቻት። ጽጌም ይህን ይዛ ተጽናናች፤ ለሦስት ቀን ያህል።

በሦስተኛው ቀን ሚስተር ሌሮይ ዕቃውን ማውረድ ጀመረ። የሚያግዘው የእህቱ ልጅ ሥራ ይዞት ስለቀረበት ብቻውን በሩ ላይ ቆሞ ሣጥኖቹን ያያል። ታዲያ ምን ላድርግ? ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ድስቱን ይዤ ወረድኩ። ተመለስኩ፣ መብራቱን አወረድኩ። ከዚያ ብርድ ልብሶቹን፣ ከዚያ ሣጥኖቹን፣ አንድ በአንድ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩም። የኦፊሱ መስኮት ትይዩ መሆኑንም አላሰብኩም፤ ቀና ስል ማኔጀሯ የቡና ኩባያዋን አፏ አጠገብ እንደያዘች ቆማ እያየችኝ ነው። እጄን አውለበለብኩላት። እሷም ቀስ ብላ አውለበለበችልኝና ወደ ጠረጴዛዋ ዞራ የሆነ ነገር ጻፈች።

ጽጌ ከሥራ የተመለሰችው ትልቁ ወንበር ላይ ስደርስ ነው። ስድስተኛው ደረጃ ላይ፣ ወንበሩ ጀርባዬ ላይ ሆኖ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ ሳለሁ መኪናዋን አቁማ ወጣች። እኔን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ እንደገና እኔን አየች። ሁለታችንም ሌላ የታች ቤት የሚባል ነገር እንደማይኖር በዚያች ቅጽበት ገብቶናል። የምትለውን ሁሉ ልቀበል አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኋት።

ቦርሳዋን በረዶው ላይ አስቀመጠች፣ የነርሲንግ ሆሙን የደንብ ልብስ እጅጌ ሰበሰበች፣ ደረጃውን ወጣች።

«በየት በኩል ልያዘው?» አለችኝ።